አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልንዳ

በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘውን የሻፕን ዳገት ቁልቁል ሲወርዱ ትልቅ የጭነት መኪና አልፏቸው ሄደ፤ ነፋሱም ከመኪናቸው ኋላ የታሰረውን ተጎታች ቤታቸውን እንደ ላም ጭራ ወዲያና ወዲህ ያማታው ጀመር። ዶሪን መኪናውን ከምትነዳው ልጇ አጠገብ ተቀምጣ፣ ፍሬን ያለ ይመስል ባዶውን ወለል በእግሯ ረገጠች።

«ፍሬን ያዢ፣ ጄማ! ያዢ እንጂ!»

«ከያዝኩማ ተገለበጥን! እማዬ፣ አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልንዳ።»

ጄማ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አንስታ መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ዶሪን ጸሎቷን ጀምራ ረሳችው፤ ዓይኗ እነዚያ የማይንቀጠቀጡ እጆች ላይ ቀረ። ተጎታቹም ቀስ በቀስ አደብ ገዛ።

ዳር ይዘው ቆሙ። ጄማ የተጎታቹን የኋላ ቁምሳጥን ከፈተች። «ይሄን ሁሉ የታሸገ ባቄላ እዚህ የጫነው ማነው? ኋላው ከብዶት እኮ ነው የተወዛወዘው! አባዬ ነው አይደል?»

«እኔ ነኝ!» አለች ዶሪን፣ ጥፋት አምና የማታውቀው ሴት፣ ደረቷን ነፍታ። «ተመስገን ጌታዬ! እንዲህ የምትነጂውን አንቺንም የወለድኩሽ እኔው ነኝ!»