ባንኩ ቤት ድረስ ደወለ

ስልኩ ሲጮህ ባሏ ቀድሟት ያነሳዋል።

«ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ ወደ ሂሳብዎ ገንዘብ ገብቷል» ትላለች የባንኩ ሴት በተቀዳ ድምፅ። ማዳመጫው ከተበላሸ ወዲህ ስልኩ በላውድ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። «ቀሪ ሂሳብዎን ለመስማት የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ።»

ሚስት ክው ትላለች። ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞች ባንኩ በድምፅ እንደሚናገር ነግሮ ያስመዘገባት የባንኩ ወኪል የሆነው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። እንቁላል በሸጠች ቁጥር እሱ ጋ ታስገባለች፤ ጥሪውም እዚያው ደጃፉ ላይ ይመጣላትና ሰምታ ትዘጋዋለች። ዛሬ ግን ኔትወርክ ጠፍቶ ስለዋለ ጥሪው ዘገየ። እሷ ባንክ ቤት ረግጣ አታውቅም፣ ባንኩ ይኸው ቤቷ ድረስ መጣባት።

«የምን ሂሳብ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ተሳስተው ይሆናላ። እነሱ እንደሆኑ ለማንም ይደውላሉ።»

«እንግዲያው ቁጥር ንኪና ስህተታቸውን እንስማው» ይላል ባል፣ ስልኩን እየዘረጋላት። እንዲህ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የምትፈራው።

ገንዘቡ የልጃቸው ነው። አባትየው «የተማረችው ይበቃታል» ካለ ጀምሮ፣ ለከተማው የነርስ ትምህርት ቤት ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ። ከሰማ አለቀ። ባለፈው ዓመት የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና ሸጦ ሲጠጣበት ከርሟል።

ሆን ብላ የተሳሳተ ቁጥር ትነካለች። «ትክክል አይደለም» ይላል ስልኩ። ደግማ ትሳሳታለች። «አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።»

«ረሳሁት መሰለኝ» ትላለች።

«እኔ አውቀዋለሁ፣ አባዬ።»

ልጅቷ ናት፣ ከበሩ አጠገብ። እውነቷን ነው፤ ቁጥሩን የመረጠችው እሷው ራሷ ናት። ይቺ ልጅ ምን ነካት? ልጅቷ ስልኩን ትቀበልና፣ ወደ እናቷ ቀና ብላ ሳታይ፣ አራቱንም ቁጥሮች ረጋ ብላ ትነካለች።

«ሂሳብዎ ተቆልፏል። ለማስከፈት መታወቂያዎን ይዘው በአካል ወደ ቅርንጫፋችን ይምጡ።»

«ውይ! እኔም ረስቼዋለሁ ለካ» ትላለች ልጅቷ።

እናት አሁን ነው የሚገባት።

ባል አይጮህም። ቢጮህ በስንት ጣዕሙ። ስልኩን ከልጅቷ እጅ ይወስድና ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ የኪሱን ቁልፍ ይቆልፋል።

«መታወቂያሽን አዘጋጂ» ይላል። «ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ልጅቷ ከኋላ መጥታ፣ ሕፃን ሳለች ታደርግ እንደነበረው፣ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ጨብጣ ይዛለች።