ከሚዛኑ በስተኋላ የቀረው ምሳ ዕቃ

ክፉ ሥራን ጀምሮ መንገድ ላይ ትቶ ዝም ያለ ሰው፣ ሥራውን ከፈጸመው ሰው አይለይም። የሶፓን ነገር ይህንን ያስረዳል።

ባቡሩ ገና ሳይቆም፣ የሰውን ምሳ ከቤት ወደ ቢሮ የሚያመላልሰው ሶፓን ከዕቃ መጫኛው ሠረገላ ይወርዳል። ጓደኞቹ አርባ ምሳ ዕቃ የተደረደረበትን ረጅም የእንጨት ሳንቃ አንሥተው በራሱ ላይ ያኖሩለታል። እያንዳንዱ ምሳ ዕቃ ዛሬ ጠዋት ከአንዲት ሚስት ወይም ከአንዲት እናት እጅ ተቀብሎ ያመጣው ነው፤ ሙምባይ መሐል ከተማ ላሉ ቢሮዎች ከሰባት ሰዓት በፊት ይደርሳል። ከአርባዎቹ አንዱ ግን ምግብ የለበትም።

ያን አንዱን የሰጡትን ሰዎች ስማቸውን አያውቅም። የሚያውቀው የአሥራ አራት ዓመት ልጁን ሱመንን ከትናንት በስቲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደ ወሰዷት፣ ድምፅዋንም በስልክ እንዳሰሙት ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእርሷ በቀር ማንም የለውም። ትእዛዛቸው አጭር ነበር፤ “እንደ ወትሮህ ሥራህን ሥራ። ይህን ኢንሹራንስ ቤቱ፣ ዘጠነኛ ፎቅ አድርስ። ሰባት ሰዓት ሲሞላ አንተ እዚያ እንዳትገኝ። ለፖሊስ ትንፍሽ ካልክ ልጅህን እርሳት።” በክዳኑ ላይ ቀይ ክብና የሕንጻው ቁጥር ተጽፎበታል። ሰዎቹ አመላላሾቹ ዕቃ የሚለዩበትን ምልክት አጥንተዋል።

ሶፓን ሌሊቱን ሙሉ አስቦ አንድ መላ አግኝቷል። ከባቡር መድረኩ ጫፍ፣ ዕቃ መመዘን ካቆመ ዓመታት ያለፉት ትልቅ የብረት ሚዛን አለ፤ በስተኋላው ሰው አይደርስም። ምሳ ዕቃውን እዚያ ይተወዋል። ፍንዳታው ይሰማል፤ ማንም አይሞትም፤ እርሱም “መንገድ ላይ ዘገየሁ” ይላል፤ ሱመን ትመለሳለች። ሳንቃውን ለአፍታ አውርዶ ምሳ ዕቃውን ከሚዛኑ ኋላ ይተወዋል።

በባቡር ጣቢያው በር ላይ ፖሊሱ ቆሞ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።

“ዛሬስ ሽታው እንዴት ነው? የማን ሚስት ትበልጣለች?” ይለዋል፣ እንደ ዘወትሩ።

ሶፓን ፈገግ ብሎ ያልፋል።

ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ጓደኞቹ ተቀምጠው ምሳ ዕቃዎችን በየሰፈሩ ይለያሉ። ሶፓንም ሠላሳ ዘጠኙን መለየት ጀምሯል። እጁ በሥራ ላይ ሳለ የሥራ ጓደኛው ማሃዱ ከጣቢያው ውስጥ እየሮጠ ይወጣል፤ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ የያዘው ቀይ ክብ ያለበትን ምሳ ዕቃ ነው።

“ጋሼ ሶፓን! ዓይንህን ለማን አበደርከው? ሽንቴ ወጥሮኝ ወደዚያ አሮጌ ሚዛን ኋላ ብል፣ ይኸው! ትንሽ ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ የሰውዬውን ወጥ ቅመም ልጨምርበት ነበር!”

ሌሎቹ ይስቃሉ። ማሃዱ ዕቃው በማን የማድረሻ መስመር ላይ እንደ ሆነ አይጠይቅም። በእነርሱ ዘንድ ወድቆ የተገኘ ምሳ ዕቃ የአግኚው አደራ ነው፤ የራሱን ሥራ ትቶም ቢሆን ያደርሰዋል። ይህን ሕግ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ማሃዱ ገና ከገጠር እንደ መጣ፣ ያስተማረው ሶፓን ነው።

“አምጣው፤ እኔ አደርሰዋለሁ” ይላል ሶፓን።

“አንተማ ዛሬ አመመህ መሰለኝ፤ ፊትህ አመድ ሆኗል። ኢንሹራንስ ቤቱ መንገዴ ላይ ነው።” ማሃዱ ምሳ ዕቃውን በብስክሌቱ መሪ ላይ አንጠልጥሎታል። “ደግሞ እንዳልረሳው፣ ባለቤቴ ለሱመን የሰሊጥ ጣፋጭ ሠርታላታለች። ከአክስቷ ዘንድ መቼ ነው የምትመለሰው አልከኝ?”

“ነገ” ይላል ሶፓን። ስለ አክስቷ የነገረው ውሸት ነው።

“በል ነገ መጥታ ራሷ ትውሰድ። ሽማግሌ አባቷ መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።”

ብስክሌቱ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ፖሊሱ ያለው ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ቃሏ በሶፓን ምላስ ላይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። በዚያው ቅጽበት ግን በስልክ የሰማው “አባዬ” የሚለው ድምፅ ጆሮውን ይሞላዋል።

“ማውሊ!” ብሎ ይጣራል። በአገራቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ በአንድ አምላክ ደጅ የሚሳለሙ ወንዶች በዚህ ስም ይጠራራሉ።

ማሃዱ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይዞራል። “አቤት?”

ሶፓን ያየዋል።

“ቀስ ብለህ ሂድ።”

“ቀስ ብዬማ ሰውዬው በረሃብ ይሙትብኝ!” ማሃዱ ይስቃል፤ ደወሉን ያቃጭላል። ነጭ ቆቡ በሕዝቡ መካከል ብቅ ጥልቅ እያለ ይሄዳል፤ ከዚያም አይታይም።

ሶፓን ወደ ሠላሳ ዘጠኙ ይመለሳል። ሁሉንም በየቢሮው ያደርሳል። አንዱም አልዘገየም።

በዘጠነኛው ፎቅ አሥራ አንድ ሰዎች ሞቱ፤ አሥራ ሁለተኛው፣ በደረጃው ላይ የተገኘው፣ ማሃዱ ነበር። ሱመን በማግሥቱ ከከተማው ውጭ በሕይወት ተገኘች። ፍርድ ቤቱ ሶፓን ተገድዶ መሸከሙን አምኖ ተቀበለ፤ እያወቀ ዝም በማለቱ ግን ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። በወህኒ ቤቱ የጠያቂዎች መዝገብ ላይ የሁለት ሴቶችን ስም አስጽፏል፤ የማሃዱን ሚስትና የልጁን። ሁለቱ አሁን የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው። እስከ ዛሬ አልመጡም።