በአባባ በራሶ ስም ስር

የቤተሰብ መዝጋቢዋ ሲፈን የኮምፒውተሩን ስክሪን ደጋግማ አየችው። ከላይ የአባወራው ስም፣ ከስሩ የልጆቹ ዝርዝር መውጣት ነበረበት፤ ከወርቃ ቀበሌ ለምዝገባ የመጡት አባባ በራሶ ግን «እኔ ልጅ የለኝም» ብለዋታል።

«ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች ግራ ተጋብታ። «ዘነበች በራሶ፣ ጅግሶ በራሶ፣ ኢልሃም በራሶ…»

ሽማግሌው፣ ቤታቸው እንግዳ የገባ ይመስል፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በኔ ስም?»

ያኔ ገባት። ቅጹን ስታዘጋጅ ከላይ ያለውን የአባወራ ክፍል ከስሩ ካለው የልጆች ክፍል ጋር ሳታገናኝ በመቅረቷ የቀበሌው ልጆች ሁሉ በእሳቸው ስር ተሰልፈዋል፤ የአባት ስሙንም ኮምፒውተሩ ራሱ ከላይ እየወሰደ ቀጥሎላቸዋል። «ይቅርታ አባባ፣ ስህተቱ የኔ ነው። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብላ እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች።

አባባ በራሶ እጇን ያዝ አደረጉት።

«ቆይ ልጄ» አሉ፤ «መጀመሪያ ሁሉንም ጥሪልኝ።»