ዝም ያሉት ሠላሳ አራት

በግንቦት መልስ ሰጪዎቹ አርባ ሦስት ነበሩ። ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ዘጠኝ ብቻ ቀሩ። የጎደሉት ሠላሳ አራት ናቸው።

«ጠይቁ» የሚባለው ማኅበር በስልክ የሚሠራ በጎ አድራጎት ነው። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ስለ ሰብሉ ወይም ስለ ከብቱ በቴሌግራም ግሩፕ ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ሰው በነፃ ይመልሳል። ከዋናው ቢሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ እስከ ሐምሌ ሠላሳ የሚመልሱት ሰዎች ሃያ ካልሞሉ የደብረ ታቦር ግሩፕ ይዘጋል።

ደብዳቤው የደረሰው ለአስተባባሪው ለጋሼ አያሌው ነው፤ የተመረጡት ግንቦት ሠላሳ በሙሉ ድምፅ ነበር። ለማንም አላሳዩትም። በአንዲት በቅሎ ድንች ከጉና ተራራ እያወረዱ ንግድ ጀምረው ዛሬ ሦስት መጋዘን አላቸው፤ ትምህርት ቤት የቆዩት ግን አራት ዓመት ብቻ ነው። ሐኪምና መምህር በተሰበሰበበት ከፊት የተቀመጡት በዚህ ግሩፕ የመጀመሪያቸው ነበር። ቢዘጋ የሚያጡት ይህን ወንበር ነው።

ሥራቸውን አላጓደሉም። ስለ በግ ይጠየቅ ስለ ገብስ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይመልሳሉ። ጠያቂው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚጽፍ እምብዛም የለም።

ደብተር አውጥተው ቆጠሩ። ከሠላሳ አራቱ አንድም ሰው ከግሩፑ አልወጣም። ጥያቄውን ሁሉ ያነባሉ፤ አይመልሱም። ዝምታው የጀመረው ሰኔ ሦስት ነው። ዳኛቸው የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መምህር የገባው ግንቦት ሃያ ስምንት ነው። በመካከሉ አምስት ቀን ብቻ።

መጀመሪያ ደሳለች ዘንድ ሄዱ። ደሳለች የእንስሳት ሐኪም ናት። በግንቦት ሃምሳ ሁለት ጥያቄ መልሳለች፤ በሐምሌ አንድም።

«ምነው ጠፋሽ?» አሏት።

«የት እጠፋለሁ ጋሼ፤ አለሁ።»

«በጌ እየሞተችብኝ ነው ብሎ ሰው ሲጽፍ አታዪም?»

«አያለሁ። አንቱ ከመለሱ በኋላ እኔ ምን ልጨምር?»

ይህን ስትል ስልኳ ጮኸ። አየችውና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ጋሼ አያሌው ግን የደዋዩን ስም አንብበዋል። ዳኛቸው ይላል።

በማግስቱ መምህሩን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠብቀው ያዙት።

«ሰዎቼን የት ወሰድካቸው?»

«ጋሼ፣ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ለራሴም አልበቃኝም።»

«አትቀልድ። ሌላ ግሩፕ አላችሁ ወይስ የላችሁም?»

ዳኛቸው ጫማውን አየ። «ደሳለችን ቢጠይቋት ይሻላል።»

«አሁን የምጠይቀው አንተን ነው።»

«እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ እዚህ እንግዳ ነኝ። የአገሩን ነገር የአገሩ ሰው ቢናገረው ነው የሚያምረው።»

«ሰው ማስኮብለሉ ላይ ግን እንግዳ አይደለህም» አሉትና ጥለውት ሄዱ።

ለዋናው ቢሮ ደብዳቤ አረቀቁ። ዳኛቸው የተባለው መምህር በጎ ፈቃደኞችን እያስኮበለለ ነው፤ እሱ ቢሰረዝ ሌሎቹ ይመለሳሉ፤ ይላል። ሆኖም ሳይመዝኑ የሚሸጡ ሰው አይደሉምና አልላኩትም። ምስክር ፈለጉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተስፋነህ የሚባል ገበሬ የድንቼ ቅጠል እየጠቆረ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ጋሼ አያሌው በሦስት ደቂቃ መልሰውለታል። በመኪና ገሳይ ከተማ ድረስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄደው ማሳው ላይ ደረሱ። የጎረቤቱ ድንች ጠቁሮ ተኝቷል። የተስፋነህ ለምለም ነው።

ደረታቸውን ነፉ። «ያልኩህን አመድ ነሰነስህበት?»

ተስፋነህ ኮፍያውን አወለቀ። «ኧረ መድኃኒቱ አዳነልኝ ጋሼ። ሁለት ጊዜ ረጨሁት።»

«የምን መድኃኒት?»

«በሌላው ግሩፕ ያዘዛችሁልኝ ነዋ። አንቱ በመለሱልኝ ማግስት ሌሎቹ መልስ ሰጪዎች በግል ጽፈው አስገቡኝ። እናንተው አይደላችሁም እንዴ?»

ጋሼ አያሌው እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ስልክህን።»

መልስ ሰጪዎቹን በስም ቆጠሩ። ሠላሳ አራት። ደሳለች አለች። ዳኛቸው አለ።

«ጉድ ነው» አሉ። «ሁሉም እዚህ ነው ያሉት።»

«ታዲያ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?» አለ ተስፋነህ።

የራሳቸውን ስልክ አውጥተው በደብዳቤው ግርጌ «ቁጥራቸው ሠላሳ አራት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ጨመሩና ላኩት። ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ጉም ከላይ ወረደና የጎረቤቱን ማሳ ሸፈነው። ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ።

«ዳኛቸው ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን።»

ያን ጊዜ ነው የተስፋነህን ስልክ መልሰው አንስተው ከግሩፑ አናት ላይ የተሰካውን መልእክት ያነበቡት። ጸሐፊዋ ደሳለች ናት፤ ቀኑ ሰኔ ሦስት።

«ደንብ። ጋሼ አያሌውን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ አባታችን ናቸው። እሳቸው ከመለሱ ዝም እንበል። የተሳሳተውን ጠያቂውን በግል ጠርተን እዚህ እናርማለን።»

ከሥሩ በየሳምንቱ የሚታደስ ሒሳብ ነበር።

«ጋሼ የመለሱት፣ መቶ ሰማንያ ስድስት። እዚህ የታረመ፣ መቶ ሠላሳ አንድ። የጠፋ ማሳ፣ የለም። ለጋሼ አይነገራቸው ያለ፣ ሠላሳ ሦስት። እሳቸው ሰው ናቸው፤ ቢነገራቸው ይገባቸዋል ያለ፣ አንድ፤ ዳኛቸው።»