ወፍጮም ሞተር አለው

«ሞተር የምትል ቃል ካፍህ ከወጣች ገበያህ ተበላሸ» አልኩት ሻጩን ፈጠን ብዬ፣ እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን እየጠረገች ሳለ። ግራ ገባው። ሱቁ ከዳር እስከ ዳር ሞተር የተደረደረበት ነው።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ስኩተር በል። ወንድሜ በሞተር ነው የሞተው። ሞተር ላይ እንዳልወጣ በሱ አጥንት አስምላኛለች።»

የቀረውን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። ሥራዬ በየገጠሩ እየዞሩ ከብት መከተብ ነው። መሥሪያ ቤቱ መኪናውን ወስዶብናል፤ ከመጪው ወር ጀምሮ የራሱ መጓጓዣ የሌለው ይሰናበታል ተብሏል። እቤት ደግሞ ሥራ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ስኩተር ሞተር አይደለም፣ እግር ሰብስበው እንደ ወንበር የሚቀመጡበት ነገር ነው አልኳት። እሷም አይቼ ልፍረድ ብላ መጣች።

እማዬ እጇን ወደኋላ አጣምራ በተደረደሩት መሀል ተዘዋወረች። ሻጩ ሁለት ስኩተሮች አውጥቶ አቆመልን። አንዷ ቀይ፣ ጎማዋ ሚጢጢ። ሌላው ግራጫ፣ ወገቡ ደልደል ያለ።

«ቀይዋ ለከተማ ናት እናቴ። ግራጫው ግን ገጠርም ያደርሳል። የዚች... የዚች ጉልበቷ ሃምሳ ሲሲ ነው፣ የሱ መቶ ሃያ አምስት።» ምስኪን፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ቀስ የምትለው የትኛዋ ናት?»

«ቀይዋ።»

«በቃ ቀይዋን ትውሰድ።»

ወሽመጤ ተቆረጠ። የምሄድበት አገር ዳገት በዳገት ነው፤ ከኋላዬ ደግሞ ክትባት የያዘ የበረዶ ሣጥን አለ። በቀይዋ ዳገት መሀል ብቀር የጭነት መኪኖቹ አይጠብቁኝም። ግራጫውን ልውሰድ ብል ደግሞ ለምን መባሌ አይቀርም፣ ለምን ከተባለ ስለ ሞተር ማውራት ነው። እሷ ፊት ሁልጊዜም ፈሪ ነኝ።

ዝም ማለት ያቃተው ሻጩ ነው። «እናቴ፣ ዳገት ላይ እኮ ሞተሯ...»

አፉን በእጁ ያዘ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እማዬ ወደሱ ዞር እንኳን አላለችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«ሞተር አይደለም አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ ሞተር የሌለው ምን አለ? መኪናም አለው። ወፍጮም ሞተር አለው።»

«ወፍጮ ልጅ አልበላብኝም።»

ሻጩ የግራጫውን መስታወት ይወለውል ጀመር። እጄን ይዛ ልትወጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ሄልሜቶች ጠቆመች።

«አንዱን ስጠኝ። እኔን ጭና ያንን ከሱቁ ጀርባ ያለውን ዳገት ትውጣ። ከሣጥኑ አልበልጥም።»

«እማዬ ተይ፣ ይቅርብሽ።»

«ብቻሽን ልትወጪበት አልነበር? ከኔ ጋር ውጪበት።»

መንዳቱን እችላለሁ፤ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ቀይዋን አስነሳሁና እማዬ ከኋላዬ ተቀመጠች። ወገቤን ስትይዘኝ ጥፍሯ በሸሚዜ አልፎ ተሰማኝ። ገና ሳንንቀሳቀስ «ቀስ በይ» አለች። ተንቀሳቀስንም «ቀስ በይ» አለች። ቀይዋ እንደሆነች ቀስ ከማለት ሌላ አታውቅም። የዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ታቃስት ጀመር። ነዳጅ መስጫውን እስከመጨረሻው ጠመዘዝኩት። ዳገቱን በእግራቸው የሚወጡ አንድ ሽማግሌ ሊቀድሙን ምንም አልቀራቸው።

ያኔ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። መስታወቱ ውስጥ የጭነት መኪና ግንባር እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ባንድ በኩል ቦይ ነው፣ በሌላው ቁልቁል የሚወርዱ መኪኖች ተከታትለዋል። እሱ ሊያልፈን አይችልም፣ እኔም ልለቅለት አልችልም። እማዬ ዞራ አየችው፤ እሷ ስትዞር ቀይዋ ተንገዳገደች።

«ፍጠኚ» አለችኝ።

«አልሄድ አለች እማዬ።»

«ፍጠኚ ልጄ። በሞቴ ፍጠኚ።»

የምጨምረው አልነበረኝም። እግሬን እያወረድኩ መሬቱን እንደ እብድ ገፋሁት። ጥሩምባው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዳገቱ ጫፍ ላይ አንድ የብረት በር ያለው ግቢ አየሁና መሪውን ወደዚያ ሰበርኩት። መኪናው አጠገባችንን ሲያልፍ ነፋሱ በሩ ላይ አስደገፈን።

እማዬ ወገቤን አልለቀቀችኝም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ላላቅቅ ብሞክር እምቢ አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ብዙ ቆይታ ወረደች፤ የሄልሜቱን ማሰሪያ መፍታት ቢያቅታት እኔ ፈታሁላት። የወጣነውን ዳገት ቁልቁል አየችው።

«በዚች አትሄጂም።»

«እሺ» አልኩ። ሥራዬ እዚያው አበቃ። ነገ ለአለቃዬ ምን እንደምለው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ያንን ግራጫውን ሞተር ግዢ» አለች፣ የመረረ መድኃኒት እንደምትውጥ ሰው። «ያስማልኩሽ እኔ ነኝ፣ ፈትቼልሻለሁ። ወንድምሽንም እኔው እለምነዋለሁ።»

ተመልሰሽ ከኋላዬ ውጪ ብላት ግን አልወጣችም። ቁልቁለቱን በእግሯ ጀመረችው። ቀይዋን አጥፍቼ ፍሬኑን እንደያዝኩ በጎኗ ተከተልኳት፤ እኔ በጥጉ በኩል፣ እሷ በመኪና መንገዱ በኩል። መኪና በመጣ ቁጥር ክንዷን መንገዱ ላይ ትዘረጋለች፤ እስኪያልፈኝ አታወርደውም።