በዕድሜ ትንሿ ተሸላሚ

ስምረት በስምንት ዓመቷ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ስትሸለም፣ በአገሪቱ የፊልም ሽልማት ታሪክ በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ አልነበረም። የእናቷን ሞት ሰምታ የምታለቅስበትን ትዕይንት ያየ ሁሉ አብሯት አልቅሷል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ፊልም አልሠራችም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ እንባ ጠብ አይላትም።

አሁን ጎልማሳ ሆና፣ ክብረ ወሰኗን የሰበረችውን የሰባት ዓመቷን ኤልዳናን እንድትሸልም ተጋብዛለች። ከመድረኩ ጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሁለቱንም ፊልም ያዘጋጁት ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ኤልዳናም በፊልሟ ውስጥ እናቷ ሞታባት ታለቅሳለች።

«እንደዚያ ያለቀስሽው እንዴት ብለሽ ነው?» ስትል ስምረት ጠየቀቻት።

«ጋሽ መኩሪያ ናቸዋ! ቀረጻ ሊጀመር ሲል ‹እናትሽ ሞታለች› አሉኝ። እኔ እውነት መስሎኝ ጮህኩ። ሲያልቅ እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ አቀፈችኝ፤ ሁሉም ሳቁብኝ።» ልጅቷ ራሷም ሳቀች። «አንቺንስ ምን ብለውሽ ነው?»

«እንደዚሁ ነው ያሉኝ።»

«ያንቺስ እማዬ ከየት ወጣች?»

ስምረት የልጅቷን ሪባን አስተካከለችላት።

«አልወጣችም» አለች።

የእናቷ መርዶ ለጋሽ መኩሪያ የደረሳቸው በቀረጻው ዕለት ጠዋት ነበር፤ ካሜራው እስኪሰናዳ ድረስ ይዘውት ቆዩ።