ለልጆች የሚሆን ቦታ

ሴትየዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረዳ ስትመላለስ ኖራለች። ሰፈሩ ሕንፃ በሕንፃ ሆኖ ልጆች የሚጫወቱት አስፋልት ላይ ነው። የጎረቤቷን የብርቄን ልጅ መኪና ከገጨው ወዲህማ እንቅልፍ አልነበራትም። "ጥቂት ዛፍና ኳስ መጫወቻ ብቻ ስጡን" እያለች ለመነች።

ቅዳሜ ነዋሪው ተሰበሰበ። ከወረዳው የመጣው ባለሙያ የሰፈሩን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈና "ጥያቄያችሁ ተፈቅዷል" አለ።

ብርቄ የሴትየዋን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። "እትዬ፣ ተሳካልዎ!"

"ተመስገን" አለች ሴትየዋ፤ እንባዋ መጣ።

"ባዶ መሬት ስለሌለ ግን አንድ ግቢ ይነሳል" ቀጠለ ባለሙያው። "የማን እንደሚሆን እናንተው ወስኑ።"

"የእኔን እንዳትነኩ፣ ሽንት ቤቴ ገና ትናንት ነው ያለቀው!" አሉ አንድ አዛውንት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር።

ብርቄ እጇን ከሴትየዋ እጅ አላቀቀችና ተነሳች።

"የእትዬ ግቢ ሰፊ ነው" አለች። "ደግሞ ልጅ የላቸውም።"

"የምትደግፉ እጅ አውጡ" አለ ባለሙያው።

መቁጠር አላስፈለገውም።